ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ከሌላ ጸረ ቫይረስ ጋር ሲጎራበት

ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ቫይረስ ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። እዚህ የሚመዘነው ሌላ ጸረ ቫይረስ ጎኑ ሲጫን የሚያሳየው ጠባይ ነው።

ባጭሩ፣ ቦታ መልቀቅ ያውቃል። በዊንዶውስ 10 እና 11 አዲስ የተጫነ ጸረ ቫይረስ ራሱን ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ሴንተር በሚባለው የጥበቃ መዝገብ ላይ ያስመዘግባል፤ ዲፌንደር ይህን ሲያይ የሪል ታይም ጥበቃውን አጥፍቶ ዳር ይይዛል። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይመለሳል። ጣጣ የሚያመጣው ሳይመዘገብ የሚሠራ፣ ወይም ወጣ ተብሎ ድራይቨሩን (ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) ትቶ የሄደ ፕሮግራም ነው።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ሪል ታይም ጥበቃ ፋይል በተከፈተ ቁጥር መሐል ይገባል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሊመረምር የከፈተውን ፋይል ሌላው እንደ አዲስ ይመረምረዋል። ኢካር የተባለው መሞከሪያ ፋይል ይህን በግልጽ ያሳያል። በ68 ፊደላትና ምልክቶች የተጻፈ፣ ጉዳት የሌለው፣ ጸረ ቫይረሶች ግን ሆን ብለው እንደ ቫይረስ የሚይዙት ጽሑፍ ነው። ሁለቱም በበሩበት ማሽን ላይ ሲቀመጥ አንዱ ወደ ኳራንቲን፣ ማለትም ወደ ማግለያው፣ ሊወስደው ቆልፎ ይይዘዋል፤ ሌላው ያንኑ ፋይል ማጥፋት አቃተኝ እያለ ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። ይኸው በሺህ የሚቆጠር ፋይል ባለው ፎልደር ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ኢንስቶል ግማሽ ላይ ይቆማል።

ነገሩ በከርነል፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት፣ ደረጃ ሲሆን ደግሞ ከመንቀራፈፍ ያልፋል። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ሜልትዳውን ለተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ማስተካከያ ሲያወጣ አንዳንድ ጸረ ቫይረሶች ከርነሉን ባልተፈቀደ መንገድ ይነኩ ስለነበር ሰማያዊ ስክሪን አስከተለ። በዚህም ምክንያት ጸረ ቫይረሱ ተስማሚነቱን በሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሩን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ካላስመዘገበ ማስተካከያው እንዳይወርድ ተደርጎ ነበር።

ፍተሻው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ከሚባለው የዊንዶውስ መተግበሪያ ይጀመር። ከታች በግራ ያለውን ሴቲንግ ይክፈቱ፣ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚለውን ይጫኑ። የተመዘገበው ጸረ ቫይረስና ፋየርዎል፣ የትኛው እንደበራ ጭምር፣ እዚያ ይታያል። ይህ ገጽ ከዲፌንደር ምርጡ ክፍል ሆኖ ሳለ እንዲህ መደበቁ አይገባኝም።

ችግሩ ያልተመዘገበው ነው፤ እሱ እዚያ አይታይም። ለእሱ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው «ኤፍ ኤል ቲ ኤም ሲ» የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። የፋይል ማጣሪያ ድራይቨሮች ስም «አልቲትዩድ» ከሚባል ቁጥር ጋር ይዘረዘራል። ቁጥሩ ከፍ ያለው የፋይሉን ጥያቄ ቀድሞ ያያል። ለጸረ ቫይረስ የተመደበው ከ320000 እስከ 329998 ያለው ነው፤ የዲፌንደሩ 328010 ነው። በዚህ መሐል ከወራት በፊት አንኢንስቶል ያደረጉት ፕሮግራም ስም ከተገኘ ፍለጋው አለቀ።

ያን ድራይቨር ከሲስተም ፎልደር ውስጥ በእጅ መሰረዝ ግን ስሕተት ነው፤ ሬጂስትሪው አሁንም ስለሚጠራው ዊንዶውስ ጭራሽ አልነሳ ሊል ይችላል። አምራቾቹ ለዚሁ የሠሩት ማጽጃ አላቸው፦ ማካፊ ኤምሲፒአር፣ አቫስት አቫስት ክሊር፣ ኢሴት ደግሞ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ ሲነሳ) የሚሠራ አንኢንስቶለር። ሴፍ ሞድ ለመግባት ሺፍትን ተጭነው ሪስታርት ያድርጉ፤ ከዚያ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ በመጨረሻም 4 ቁጥር። ዲስኩ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ የተቆለፈ ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድመው ያዘጋጁት።

ማልዌርባይትስ የተባለው ጸረ ቫይረስ ለብቻው መታየት አለበት። ነጻው እትም ሲያዙት ብቻ ስካን ስለሚያደርግ ከዲፌንደር ጋር አይጣላም። የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ግን የፕሪሚየም ሙከራ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ሪል ታይም ጥበቃው በርቶ ነው። ፕሪሚየሙ በሴቲንጉ ውስጥ ሁልጊዜ ሴኩሪቲ ሴንተር ላይ ልመዝገብ የሚል ማብሪያ አለው። ይህ ሲጠፋ ዲፌንደርም አብሮ ይነሳል። እንዲህ ሁለቱን ማሠራት የሚፈልግ አንዱን በሌላው ኤክስክሉዥን (አትመርምር የሚባሉት ዝርዝር) ውስጥ ማስገባት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ዲፌንደር ውስጥ «ፕሮሰስ» ብለው ያስገቡት ኤክስክሉዥን የሚያስቀረው ያ ፕሮግራም የሚከፍታቸውን ፋይሎች ነው፤ የፕሮግራሙ የራሱ ፋይል አሁንም ይመረመራል። ስለዚህ የማልዌርባይትስ ፕሮሰሱም ፎልደሩም ይግቡ፤ ፕሮግራም ዳታ በሚባለው ፎልደር ስር ያለው ኳራንቲኑ ሳይረሳ።

ዲፌንደርን የምነቅፍበት ትልቁ ነጥብ የሪል ታይም ማጥፊያው ነው። ቢያጠፉትም ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይበራል። ለጥበቃ ደግ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለሚፈልግ ሰው ግን ወጥመድ ነው፤ አጥፍቼው እንኳ ችግሩ አለ ብሎ ንጹሑን ይከስሳል። ሙከራው አስተማማኝ የሚሆነው ሌላኛውን አንኢንስቶል አድርጎ፣ ሪስታርት ብሎ ሲታይ ነው።

ብሮውዘር በየገጹ የሰርተፊኬት (የድረ ገጹ መታወቂያ) ስሕተት ካወጣ ግን ዲፌንደርን አይጠርጥሩ፤ የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ድረ ገጽ) ትራፊክ ለመፍታት የራሱን ሰርተፊኬት አይተክልም። ከአድራሻው በስተግራ ያለውን ምልክት ተጭነው ሰርተፊኬቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ይዩ። የጸረ ቫይረስ ስም ካለበት የዚያን ፕሮግራም የኤችቲቲፒኤስ ስካን ያጥፉ።

ሌላ ጸረ ቫይረስ ዋና ሆኖ ዲፌንደር አልፎ አልፎ እንዲያይ ብቻ የሚፈልግ «ፒሪዮዲክ ስካኒንግ» የሚለውን ያብራ፤ ሪል ታይም ስላልሆነ ግጭት አያመጣም። ዲፌንደር ለወራት ጠፍቶ ቆይቶ ከተመለሰ ደግሞ የቫይረስ ዝርዝሩ ያረጀ ይሆናልና መጀመሪያ «ቼክ ፎር አፕዴትስ»፣ ቀጥሎ ክዊክ ስካን። በዚያ ሰዓት ታስክ ማናጀር ውስጥ «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሴኪውተብል» ፕሮሰሰሩን ቢይዝ ሥራው ነው፤ ስካኑ እስኪያልቅ ይተዉት።