በአዋሽ ፍልውሃ አብሮን ለዋለው ስካውት

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄጄ ነበር። ጉልበቷን ፍልውሃ መንከር ከተመኘች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየኋት እኔ ነኝ። ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ መኪናችን ውስጥ ሲገባ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላለኝም ነበር። ይህን የምጽፈው ግን እሱን ለማመስገን ነው።

ፍልውሃው በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ በዝቅተኛ መኪና አትሞክሩት። ከዘምባባዎቹ መካከል ሰማያዊው ኩሬ ብቅ ሲል ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ስካውቱ ክንዴን ያዘኝና ከመሬት ረጅም ደረቅ የዘምባባ ዘንግ አንሥቶ ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ ሰደደው። ዘንጉ ገባ፣ ገባ፣ ጣቶቹ ውሃውን ሊነኩ ሲደርሱም ወለል አላገኘም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ እኔ ከጉልበት የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር! ሲያወጣው እርጥቡን ጫፍ አስነካኝ፤ ትኩስ ነው።

የዝናብ ውሃ ወደ ጥልቁ ሰርጎ፣ ገና ካልቀዘቀዘው ዓለት ሙቀት ወስዶ በስንጥቅ እንደሚመለስ አስረዳን። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ለተራራ ትናንት ማለት ነው። ስለዚህ ምንጩ ዘንድ አይገባም። ውሃው ፈስሶ ወደበረደበት ወደ ታች ወሰደን፣ በእጁ ጀርባ ለካው፣ መጀመሪያ የእናቴን እግር ብቻ አስነከራት። ከዚያ ፊቱን ወደ ረግረጉ አዙሮ ቆመ፤ አዞ አይታመንም ብሎ።

ብዙም ሳትቆይ «እማማ፣ ይበቃል፤ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉና ይመለሳሉ» ይላታል። እያጉረመረመች ትወጣለች። እኔን እንዲህ ታዛኝ አታውቅም። ጉልበቴ ተሻለኝ ትላለች፤ እኔ እንጃ።

የምትሄዱ ሰዎች በር ላይ ስትመዘገቡ ፍልውሃውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ስካውት ጠይቁ፣ ሲመክራችሁም ስሙት። ማለዳ ድረሱ፤ በአዋሽ ቀትር ትኩስ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ቅጣት ነው። ስትመለሱ ሳላዎች፣ ቀንደ ረጃጅሞቹ የዱር እንስሳት፣ ካጋጠሟችሁ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። እኛ ካገኘናቸው አምስት ሳላዎች አንዳቸውም አልሸሹንም።

ስሙን ሳላስፈቅደው አላወጣም። ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ፣ እናቴ ነጠላዋን ዘምባባው ሥር ረስታለች። አስቀምጥልን፤ ራሷ መጥታ እንደምትወስደው ከወዲሁ ነግራኛለች።