ጎማችንን ከመሬት አንስተው ላዩልን መካኒክ፦ ምስጋናም ጥቆማም

በተሳቢ ካራቫን ለምትጓዙ ሁሉ፣ በተለይ የባሕሩን ዳርቻ ጨርሳችሁ ወደ ኋላው ተራራማ ምድር ለምትወጡ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ ነው። ምስጋናዬን እሳቸው ባያነቡትም እናንተ አንብቡልኝ።

እኔና ጓደኛዬ የባሕሩን ክፍል አጠናቀን አቀበቱ ሊጀምር ሲል ከግራው ጎማ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። በቀስታ ስንነዳ የለም፣ ፍጥነቱ 60 ሲያልፍ ይጀምራል፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይብሳል። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሸክሙ ወደ ግራ ጎማ ስለሚያጋድል፣ ይህ ብቻውን ኩሽኔታ (ጎማው በአክስሉ ላይ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት) እንደተበላ የሚያስጠረጥር ምልክት ነው። ለሦስት ጋራዦች ይህንኑ ቃል በቃል ነገርናቸው።

የመጀመሪያው ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገና «ጎማ ነው፣ ቀይሩት» አለን። ሁለተኛው በአሮጌው ግሪስ ላይ አዲስ ግሪስ በፓምፕ ሞልቶ ሂሳብ ተቀበለን። ሦስተኛው ጋ የኋላ መብራታችንም መምታታት ጀምሮ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። አምፖሉን ሁሉ ቀየረልን፣ ከበሩ ሳንወጣ እንደነበረው በራ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ጥቅምም የለውም። የሚያንገበግበኝ ግን ሦስቱም ቦታ ጎማዋን ከመሬት ያነሳ ሰው አለመኖሩ ነው። ክሪክ አጥተው አይደለም!

እኚህ ሰው ጋ ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁን «ባሕር ዳር ስትሆኑ ጎማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር?» ብለው ነው። ገብቶ ነበር፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚይዝ መሻገሪያ ከረጅም ጉዞ በኋላ አልፈን ነበር። ምክንያቱን እንዲህ አስረዱን። ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) በጉዞ ይሞቃል። ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በኦይል ሲሉ (ግሪሱ እንዳይወጣ፣ ውሃም እንዳይገባ በሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት) ከንፈር በኩል ውሃ ይስባል። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ኩሽኔታው ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ውሃ ከመሻገራችሁ በፊት ቆማችሁ ሞዞው እስኪበርድ ጠብቁ። ይህን እዚያ ባሕር ዳር ላይ የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ!

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ካራቫኑ ከመኪናው ሳይፈታ፣ የማይነሳው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ተደረገበት፣ ብሎኖቹ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ላላ ተደረጉ፣ የካራቫኑ የእጅ ፍሬን ተለቀቀ። ክሪኩ የገባው አምራቹ በሻንሲው ላይ ባበጀው ቦታ ነው። በአራቱ ማዕዘን የሚወርዱት እግሮች ማረጋጊያ እንጂ ማንሻ አይደሉም፤ በእነሱ ካራቫን ለማንሳት የሞከረ ወለሉን ያጣምማል።

ጎማው ተነሳ። በአንድ እጃቸው አሽከረከሩት፣ ሌላውን እጅ ከኋላው ባለው የአክስሉ ክንድ ላይ አሳረፉ። «ልጆቼ፣ ጆሯችሁን ተዉት፣ እጃችሁን እዚህ አምጡ» አሉን። ብረቱ ውስጥ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። ወደ ቀኙ ወሰዱን፣ ያው ብረት ዝም ብሏል። ቀጥሎ የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ገፋ ሳብ ሲያደርጉት ቀጭ፣ ቀጭ። ምርመራው ይኸው ነው፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሲከፈት ግሪሱ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ወጣ። ውሃ የገባበት ግሪስ መልኩ እንዲህ ነው። ጠቁሮ ቢሆን፣ ኩሽኔታውም ወደ ሰማያዊ ቢያደላ፣ ተቃጥሏል ማለት ነበር። ሁለተኛው ጋራዥ ከላይ የሞላው አዲስ ግሪስም እዚያው ሳይነካ ተቀምጧል፣ ወደ ኩሽኔታው አልደረሰም።

የውስጡም የውጪውም ኩሽኔታ ከነውጪ ቀለበታቸው ተቀየሩ። አሮጌ ቀለበት ላይ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፣ የአሮጌው ቁስል አዲሱን ይበላዋል። ኦይል ሲሉም አዲስ። ግሪሱን በመዳፋቸው ይዘው፣ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን መዳፋቸው ላይ እየጫኑ፣ በማዶው በኩል በየክፍተቱ እስኪወጣ ድረስ ዙሪያውን ሞሉት። ሲገጠም ጎማውን እያሽከረከሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ መያዝ ሲጀምር ሩብ ዙር ያህል መመለስ፣ ከዚያ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ አዲስ አድርጎ ማስገባት። ይህ ግን የሚስተካከል ኩሽኔታ ላለው ካራቫን ነው። በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ኩሽኔታው የታሸገ ነው፣ ዳዶው ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ነው፣ የሚጠብቀውም አምራቹ በጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ ነው። ያ ከሆነ እጃችሁን አታስገቡ።

አሁን የማልረሳው ነገር። ቀኙም መከፈት ነበረበት፣ ያው ውሃ ውስጥ ገብቷልና። ልብሳቸውን እያራገፉ «ይሄኛውን እናንተ ናችሁ የምትሠሩት። መንገድ ላይ እኔ የለሁም» አሉ። ጓደኛዬ ተንበረከከ። እሳቸው አጠገቡ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን አንዴም አላስገቡም። አሮጌው ግሪስ በናፍጣ ታጠበ፣ ደረቀ፤ አየር ሲነፋበት ኩሽኔታው እንዳይሽከረከር በጣት ተያዘ። ዳዶው ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ ፈርቶ አጠበቀው። ጎማውን ገፋ አድርገው ሲለቁት ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። «ይሄ ይቃጠላል» አሉ፣ በቀስታ፣ ሳይቆጡ። ጓደኛዬ ሩብ ዙር መለሰው። በድጋሚ ሲገፉት ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ለዚያኛው ጎማ የእጅ ዋጋ አልተቀበሉንም። አንድ ሙሉ መለዋወጫ ኩሽኔታ ከኦይል ሲሉና ከመቆለፊያ ሽቦው ጋር በላስቲክ ጠቅልለን እንድንይዝ አዘዙን፤ መንገድ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ነው ከባዱ። የሚያውቁትን ሳይሰስቱ የሚሰጡ ሰው ናቸው።

መብራቱስ? አምፖል አልነበረም። ሁለት መብራት ተቀላቅሎ ሲበራ ቀድሞ የሚጠረጠረው ማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር) ነው። የመሰኪያውን ክዳን ሲከፍቱ የማሳው ፒን በጨው አረንጓዴ ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው ሽቦውን እንደገና አሰሩት፣ አለቀ። ስለ ባትሪው ቻርጀርም ብዙ ነግረውኛል፤ ገባኝ ብል ውሸት ነው፣ ብቻ ይሠራል።

ሊሸኙን ሲሉ ደግሞ ጋንቾው (ካራቫኑ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት) ላይ የሚያርፈውን ክብደት መዘኑ። ካራቫኑን ፈትተው፣ ተራ የሰው ሚዛን ከመያዣው ሥር አድርገው በእንጨት ደገፉት። ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ መሆን አለበት፣ መኪናውና ጋንቾው ከሚፈቅዱት ሳያልፍ። 1,300 ኪሎ ለሚመዝን ካራቫን ከ65 እስከ 91 ኪሎ ማለት ነው። የእኛ 38 ሆኖ ተገኘ፤ ከባዱን ዕቃ ሁሉ ከኋላ ጭነን ነበር። አፍንጫው የቀለለ ካራቫን በንፋስና በቁልቁለት ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል። ከጀመረ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ ፍሬን መርገጥም ፍጥነት መጨመርም ያባብሰዋል። ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ፣ ከአክስሉ በላይ ይሁን። የውሃ ታንከሩን አትርሱት፤ 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው።

ለደጋው ጉዞ ጋዛችንንም ጠይቀውናል። ቡቴን ባሕር ዳር ያለችግር ይሠራል፣ ሌሊቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲቀርብ ግን ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ምድጃው አይነድም። ፕሮፔን ያዙ።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ ብለውን ነበር፤ ሁለቱ እውነትም ትንሽ ዞሩ። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞዞዎቹን በእጅ ጀርባ አነጻጽረን ለብ ያሉና እኩል ሆነው አገኘናቸው። ቁልቁለት እንደወረዳችሁ አትለኩ፣ ፍሬኑ ስለሚያግለው ያሳስታችኋል። ድምፁ ጠፍቷል፣ አቀበቱንም በሰላም ጨርሰናል።

በድጋሚ እላለሁ፣ ካራቫናችሁ ያጉረመረመ እንደሆነ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ፣ እኚህን ሰው ፈልጉ። እናመሰግናለን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን! ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የካራቫኑን የክብደት ሰሌዳ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀድመው የሚጠይቁት እሱን ነው።