ኳሪ ሀንስሌት በኦኦ9፦ መልኳና አካሄዷ

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይቺ ኪት፣ ማለትም ኳሪ ሀንስሌት የምትባለውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ኦኦ9 በሚባለው የሞዴል ባቡር መጠን ራሳችሁ የምትገጣጥሙባት ዕቃ፣ ቆንጆ ናት። የምትፈልጓት ለመልኳ ከሆነ ዓይናችሁን ሳታሹ ግዟት። ፉርጎ እየጎተተች ቀስ ብላ እንድትሄድላችሁ ከሆነ ግን በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

ኳሪ ሀንስሌት የምትባለው ሎኮሞቲቭ እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ የነበረው የሀንስሌት ፋብሪካ በሰሜን ዌልስ ላሉት የድንጋይ ካባዎች የሠራት ናት። ፔንሪንና ዲኖርዊክ የሚባሉት ትልልቅ ካባዎች ለቤት ክዳን የሚሆነውን ድንጋይ የሚያወጡት በእነዚህ ሎኮሞቲቮች ነበር። ሐዲዱ ጠባብ ነው፣ ስፋቱ 578 ሚሊ ሜትር ብቻ። ብዙዎቹ ጋቢና የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ ሹፌሩ ዝናቡንም ብርዱንም እንደመጣ ነው የሚቀበለው። ለሞዴል ሠሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጋቢና ከሌለ የሚሸፈን ነገር የለም፤ የእሳቱ በር፣ የእንፋሎት መክፈቻው፣ ቧንቧው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው ያለው።

ኪቷ እዚህ ላይ አላሳፈረችም። ሰውነቷ በስሪዲ ማተሚያ የወጣ ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ የሚጠጥር ፕላስቲክ) ነው፣ ጥቃቅኑ ዕቃ ደግሞ ከስስ የነሐስ ሉህ ተቆርጦ የሚወጣ። በቦይለሩ ላይ እንደ ኮርቻ የተጋደመው የውኃ ታንክ ጠርዙን ተከትሎ የተደረደሩ ሪቬቶች፣ ማለትም ብረት ከብረት የሚያያይዙ ምስማሮች ራስ፣ አሉት። ከአሸዋ ቅንጣት ያነሱ ናቸው፣ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ቀለም ስትቀቧት ቀጠን አድርጉት፤ ወፍራም ቀለም እነዚህን ይውጣቸዋል፣ ያኔ የከፈላችሁበት ነገር ጠፋ ማለት ነው።

ታንኩ አናት ላይ ግን ማተሚያው የተወው የመስመር ምልክት አለ። በቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እየነከራችሁ፣ ሪቬቱ ጋ ሳትደርሱ ቀስ ብላችሁ አስለቅቁት። ደረቁን አትፈግፍጉት፣ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ማስክም አድርጉ።

መመሪያው አንድ ገጽ ነው፣ ያውም ደብዛዛ ፎቶ። የነሐሱ የእጅ መያዣ የቱ ጋ እንደሚገባ ከፎቶው አይለይም፤ የእውነተኛዋን ሎኮሞቲቭ ፎቶ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ መሥራት ይሻላል። እንዲህ ያለ ጥሩ ዕቃ የሚሠራ ሰው አንድ ንጹህ ሥዕል መጨመር ምን ያቅተዋል?

ሞተር አብሮ አይመጣም። የምትቀመጠው ካቶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ኤን ጌጅ ለሚባሉት ትንንሽ የሞዴል ባቡሮች በሚሠራው፣ ሞተር ባለው ባለ አራት ጎማ ሻንሲ ላይ ነው፣ እሱንም ለብቻው ነው የምትገዙት። ሻንሲው ድንቅ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ፣ አነሳሱም ያልተንገጫገጨ። ችግሩ ዘንጎቹ ላይ ነው። ጎማው ይዞራል፣ ጎማና ፒስተን የሚያገናኘው ዘንግ ግን ሰውነቷ ላይ ተለጥፎ ስለተሠራ ዝም ብሎ ቆሟል። ጥቁርና ዘይት የነካው አስመስላችሁ ብትቀቡት ከርቀት አያስታውቅም። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ግን ወዲያው ይታወቃል፣ እኔን ከሁሉ በላይ ቅር ያሰኘኝም ይሄው ነው።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። ሬዚን ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ የምታገኘው ሐዲዱን ከነኩት አራት ጎማዎች ብቻ ስለሆነ፣ ቀላል ከሆነች ትንሽ አቧራ ያቆማታል። የታንኩ ውስጥ ባዶ ነው፤ እዚያ ውስጥ የእርሳስ ብረት ቁርጥራጭ ጠቅጥቁና በማጣበቂያ አጽኑት። ክብደቱ በሁለቱ አክሰሎች መሃል ይረፍ፣ ወደ ኋላ ካዘነበለ የፊት ጎማዋ ሐዲዱን በደንብ አይጫንም። ይሄን ካደረጋችሁ በኋላ ልዩነቱ ሌላ ነው፤ በጣም በዝግታ፣ ሳትንተፋተፍ ትሄዳለች። የካባ ሎኮሞቲቭ ደግሞ መሮጥ አያምርባትም።

ከእውነተኛዋ ጋር ለሚኖራት የመጠን ንጽጽር ጥንቁቅ ለሆናችሁ፦ ኦኦ9 ማለት ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያነሰ (1 ለ 76) ሆኖ 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ነው። 578ን በ76 ብታካፍሉት 7.6 ሚሊ ሜትር ይመጣል፣ ስለዚህ ከፊት ስታዩዋት እግሯ ትንሽ ፈርከክ ያለ ነው። ኪቷ ጥፋት የለባትም፣ ኦኦ9ን የመረጠ ሁሉ የሚቀበለው ነገር ነው። እኔ ፔኮ የሚባለው የሞዴል ሐዲድ ሠሪ ለኦኦ9 በሚሠራው፣ እንጨቶቹ ሆን ተብሎ ዝብርቅርቅ ተደርገው በተደረደሩበት ሐዲድ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ እንጨቱን እስከ ግማሽ በጠጠርና በአፈር ቀለም ስትቀብሩት የሐዲዱ ስፋት ከዓይን ይርቃል።

ዘንጓ የሚንቀሳቀስ፣ ተሠርታ ያለቀች ለሚፈልግ ባክማን የሚባለው የሞዴል ባቡር ኩባንያ ይቺኑ ሎኮሞቲቭ በኦኦ9 አውጥቷታል። ሞረድና ወረንጦ መያዝ ደስ የሚላችሁ ግን ይቺን ውሰዱ። ብቻ ካቶ የተለያዩ ሻንሲዎች ስላሉት፣ ከመክፈላችሁ በፊት ኪቷ የምትቀበለው የትኛውን እንደሆነ ሻጩን በቁጥሩ ጠይቁት።