ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ችግኝ ጣቢያ፦ ሮማኑ አሪፍ፣ ምክሩ ግን...

አቦ፣ ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ የድሬዳዋ ዛፍ አትትከሉ። ከዚራ ሰፈር ላይ ሲያብብ ማን ይጠላዋል፤ ግን ቅርንጫፉ ተዘርግቶ የጎረቤት ጣራ ላይ ይተኛል፣ ሥሩም አጥር ይገፋል። እኔ የፈለግኩት ትንሽ፣ የሚያብብና ሙቀት የማይበግረው ዛፍ ስለነበር ሳቢያን ካለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሮማን ገዛሁ።

ችግኙ ምንም አይወጣለትም። ግንዱ ጠንካራ፣ ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ያልተጠማዘዘ፣ ዋጋውም 200 ብር። ቀይ አበባው ሲፈነዳማ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል።

ችግሩ ምክራቸው ነው። ሻጩ «በየቀኑ ውሃ አጠጪ» አለኝ። ሮማን ሥር ከያዘ በኋላ አልፎ አልፎ ጠልቆ የሚገባ ውሃ ይበቃዋል፤ ዋናው ውሃው እንዳይዛባ ነው፣ ደርቆ ከርሞ ድንገት ከተጥለቀለቀ ፍሬው ይሰነጠቃል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ደውዬ ብጠይቅ ደግሞ «በሽታ ነው» ብለው መድኃኒት ሊሸጡልኝ! ቀዝቀዝ ሲል ቅጠል መጣል እኮ የሮማን ጠባይ ነው፣ ሲሞቅ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ያልነገሩኝም አለ። ከግርጌው የሚወጡትን ቡቃያዎች ካልቆረጣችሁ ዛፍ መሆኑ ይቀርና ቁጥቋጦ ይሆናል። ደወል የመሰሉት አበቦች ቢረግፉም አትደንግጡ፤ ፍሬ የሚይዙት ከሥራቸው ሰፋ ያሉት ናቸው።

ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ናቸው፣ ቀና ብሎ የሚያያችሁ የለም።