ለረጅም ርቀት አደን በልክ የሚሠራ ጠመንጃ ስለመምረጥ፦ ለኮምቦልቻው አማካሪያችን ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የማቀርበው ኮምቦልቻ ለሚኖሩ አንድ አንጋፋ የአደን ባለሙያ በቤተሰቤ ስም ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽ፣ እግረ መንገዴንም በሕጋዊ ፈቃድ የሚያድኑ ወይም በውጭ አገር የሚያድን ዘመድ ያላቸው የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እኚህን ሰው እንዲያማክሯቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ የጉልምስና ዘመናቸውን በባሌና በአርሲ ደጋ፣ አደን በተፈቀደባቸው ቀጠናዎች፣ ከውጭ አገር የሚመጡ አዳኞችን እየመሩ ያሳለፉ ሲሆን፣ አሁን በጡረታ ላይ ሆነው በልኩ የአደን ጠመንጃ ለማሠራት ያሰበን ሰው ምን ማዘዝ እንዳለበትና ምን እንደማያስፈልገው ያማክራሉ።

ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ዴንቨር ከተማ ይኖራል። የግዛቱን ፈቃድ እያወጣ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ የአጋዘን ዘር ያድናል፤ ወደፊትም ፈጣሪ ከፈቀደ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ባሌ ሄዶ የደጋ አጋዘን የማደን ምኞት አለው። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጠመንጃ ለማሠራት ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆይቶ፣ እዚያው አንድ መሸጫ ቤት የሰጠውን ዝርዝር ይዞ ለበዓል ደሴ መጣ። በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው .338 ላፑዋ ማግነም የሚባለውን ትልቅ ጥይት የሚተኩስ፣ አፈሙዙ በካርቦን ፋይበር የተጠቀለለ፣ የአፈሙዙ ጫፍ ላይ የርግጫ መቀነሻ የተገጠመለት፣ መነጽሩ 25 ጊዜ የሚያጎላ፣ «እስከ 1,000 ሜትር ይመታል» የተባለለት ጠመንጃ ነበር። ወረቀቱን ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።

ጋሼ ዝርዝሩን ረጋ ብለው አንብበው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና «ጠመንጃውስ 1,000 ሜትር ይመታል፤ አንተስ?» አሉት። ወንድሜ ሲስቅ እርሳቸው አልሳቁም። የግቢያቸውን ደረጃ ደጋግመው በሩጫ አስወጥተው አስወረዱትና፣ ትንፋሹ ሳይመለስ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ አስይዘው በአጥሩ ማዶ ባለ የመብራት ምሰሶ ላይ እንዲያነጣጥር አዘዙት። የከዘራው ጫፍ ከምሰሶው ግራና ቀኝ ሲዋዥቅ ሁላችንም አየነው። ከዚያም ከወንበር ላይ ሳይሆን እንዲህ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የተኮሰውን ሁሉ ሳይስት የምግብ ሰሃን በሚያህል ዒላማ ውስጥ የሚያስገባው እስከ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቁት። ወንድሜ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ነፋስ ከሌለ እስከ 350 ሜትር እንደሆነ መለሰ። «አብሽር፤ እንግዲህ የምናሠራው የ350 ሜትር ጠመንጃ ነው» ብለው ደብተራቸውን አወጡ። ሌላው ምክራቸው ሁሉ ከዚህች ቁጥር የተነሳ ነበር።

በጥይቱ ምርጫ ላይ የሰጡት ማብራሪያ በእኔ ግምት ለማንኛውም አዳኝ የሚጠቅም ነው። .338 ላፑዋ ማግነም መነሻው ለወታደራዊ የሩቅ ተኩስ ስለሆነ ጠመንጃው ከመነጽሩ ጋር ብዙውን ጊዜ ከ5 ኪሎ ያልፋል፤ ይህን ተሸክሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ተራራ ላይ መዋል ደግሞ መተኮሻው ሰዓት ሲደርስ እጅን ያንቀጠቅጣል። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሲመታ ጫፉ የሚከፈትና ከ85 ግሬን (5.5 ግራም ገደማ) የማያንስ አረር ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የአዳኙ ምርጫ ነው። ጋሼ የመረጡለት እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም፣ 160 ግሬን ማለትም 10.4 ግራም ከሚመዝን አረር ጋር ነው። ይህ አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 350 ሜትር ላይ ሲደርስም ፍጥነቱ ከ650 ሜትር አይወርድም። ብዙዎቹ የአደን አረሮች በአግባቡ እንዲከፈቱ የሚፈልጉት 550 ሜትር ገደማ በመሆኑ በቂ ትርፍ አለው። የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል፣ ለኤልክ የሚበቃው ለእርሱም ይበቃል። ርግጫው ሊቻል የሚችል በመሆኑ ወንድሜ ዓይኑን ሳይጨፍን ደጋግሞ መለማመድ ይችላል፤ ጋሼ ከሁሉ አብልጠው ያሰመሩበትም ይህንኑ ነው።

የነፋሱ ነገር ሲነሳ ግን ድምፃቸው ጠንከር አለ። በ350 ሜትር ርቀት አረሩ ዒላማው ዘንድ ለመድረስ ወደ ግማሽ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህ መሃል እንስሳው አንድ እርምጃ ሊራመድ ይችላል። ከጎን የሚነፍስ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስም አረሩን ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል፤ ከልብ ወደ ሆድ ለማዞር ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ሆዱን የተመታ እንስሳ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ የዋሉባቸውን ቀናት ያስታወሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ይህን ሲናገሩ ወንድሜን ሳይሆን መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት።

ወደ ጠመንጃው አካል ስንመጣ፣ ሲቀባበል ጥይት እንዳይነክስ በሞዘር ሥርዓት የተሠራ፣ ማለትም ጥይቱን ከካዝናው ሲያወጣ ጀምሮ በጥፍሩ ይዞ የሚያስገባ መቀባበያ እንዲሆን መከሩ። አባቶቻችን ቤልጅግ ይሉት የነበረው ጠመንጃም የዚሁ የ1898ቱ የጀርመን ሞዘር ልጅ መሆኑን ሲነግሩን፣ ወንድሜ አያታችን ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል የነበረውን አስታውሶ ተደነቀ። ምላጩ ከ1.1 እስከ 1.4 ኪሎ በሚሆን ጉልበት የሚሳብ እንዲሆን አደረጉ፤ ከዚያ ከቀለለ በብርድ የደነዘዘ ጣት ሳያስበው ይስበዋል አሉ። አፈሙዙ 61 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ የካርቦን ፋይበሩም እንዲቀር አደረጉ፤ ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለልምምድ ጥይት ይዋል ሲሉ ወሰኑ። የርግጫ መቀነሻው ድምፁን ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ ተኳሹ ጆሮውን ሸፍኖ ይተኩሳል፤ ጎኑ የተንበረከከው መሪ ግን ድምፁን ሁሉ ይቀበላል። የጋሼ ቀኝ ጆሮ ዛሬ በደንብ የማይሰማበት ምክንያት ይኸው ነው። በልምምድ ቦታ ብቻ እንዲገጠም፣ ለአደን ሲወጣ እንዲፈታና ከፈቱት በኋላ አረሩ የሚያርፍበት ቦታ መዛወር አለመዛወሩ እንደገና እንዲፈተሽ አዘዙ።

በቅርብ ሆኜ ያየሁትና እስካሁን የሚገርመኝ ግን ልኩን የወሰዱበት መንገድ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥተው፣ ወንድሜ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ክንዱን እንዲያጥፍ ካደረጉ በኋላ ከክርኑ መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ለኩ። ፋብሪካዎች ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ 34 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ አካባቢ ስለሚሠሩ፣ ወፍራም ልብስ ለብሶ ለሚያድን አጭር ክንድ ላለው ሰው ሰደፉ ይረዝምበታል፤ መነጽሩም ከዓይኑ ይርቃል። ከዚያ ዓይኑን አስጨፍነው ጉንጩን ሰደፍ ላይ እንደሚያስደግፍ አድርገው በአንድ ሰሌዳ ላይ አስተኙትና፣ ዓይኑን ሲገልጥ የት እንደሚያይ አይተው የጉንጭ መደገፊያውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ለጠመንጃ ሠሪው የተላከው ወረቀት ላይ የሰፈሩት ልኮች እነዚህ ናቸው።

ስለ መነጽሩ ብዙ አልቆዩም፤ ከ3 እስከ 15 ጊዜ የሚያጎላ፣ በውስጡ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስመርና የማስተካከያ ቁልፉ መለኪያ አንድ ዓይነት የሆነ ይበቃል አሉ። ይልቅ የከፍታውን ነገር አስጠነቀቁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንወጣ በአጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ እንጨምራለን፤ አየሩም ይሳሳል። 1,600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር የተስተካከለ ጠመንጃ 3,000 ሜትር ላይ ሲተኮስ በሩቅ ዒላማ አረሩ ከተጠበቀው ከፍ ብሎ ሊያርፍ ስለሚችል፣ አደኑ ቦታ ደርሶ መፈተሽ ግዴታ ነው።

ጠመንጃው ኮሎራዶ ተሠርቶ ወንድሜ እጅ ገብቷል፤ ትከሻው ላይ ሲያውለው መነጽሩ ወዲያው ዓይኑ ላይ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ባለፈው ወቅት ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት አንድ ኤልክ በአንድ ጥይት የጣለ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከወሰኑ አልፎ የቆመ ሌላ ግን ሳይተኩስበት አሳልፏል። ይህን ለጋሼ በስልክ ሲነግራቸው ያሳለፈውን ነው ያመሰገኑለት።

ጋሼን ለማማከር የምታስቡ አስቀድማችሁ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጠመንጃ አይሸጡም፣ አያስገዙም፣ አያገናኙም፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ለሌለው ሰው ስለ መሣሪያ አንድ ቃል አይተነፍሱም። አገር ውስጥ ለማደን የሚፈልግ ሰው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይዝ እንዳይመጣ ይፈልጋሉ፤ ዋልያ ስለ ማደን የጠየቃቸውን አንድ ሰው ከበራቸው መልሰውታል። ንግግራቸው ቀጥተኛ ስለሆነ የሚከፋው ሰው አይጠፋም፤ ስልክም ቶሎ አያነሱም። ሂሳባቸውን ግን ገና ሳይጀምሩ ይናገራሉ፣ በኋላም ሳንቲም አይጨምሩም። ፈቃድ ያላችሁና የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን ጠይቄ ቀጠሮ አሲዛለሁ። ስትሄዱ በብርድ የምትለብሱትን ጃኬትና የምታድኑበትን ቦታ ከፍታ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ሁለቱን ነው።