የእናቴ ጋንና የሾላ ግራዋ

የእናቴ ጋን ስድስት ዓመት ሙሉ ዕቃ ቤት ጥግ ላይ ተረስቶ ከርሟል። እርሷ ካረፈች በኋላ የነካው ሰው አልነበረም፤ የመጨረሻው ጠላ አተላ እንኳ ሳይደፋ ሆዱ ውስጥ ደርቆ ተጣብቋል። ዘንድሮ ለኅዳር ሚካኤል ዝክር ጠላ ልጠምቅ ተነስቼ ክዳኑን ሳነሳው የሆምጣጤና የሻጋታ ሽታ ፊቴን መታኝ። በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው ግን ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ አልተሰነጠቀም። ልጥለው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ። በዱቄት ሳሙና አጠብኩት፣ ቀጥሎም በረኪና ጨመርኩበት። ሸክላ የነካውን ሁሉ ይመጥጣል። አራት ጊዜ አለቅልቄ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ባሳድረው፣ ጠዋት ውሃው ራሱ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ተስፋ ቆርጬ ባለ 60 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ። ለማጠብ ይቀላል፣ አይካድም። ነገር ግን ወይራ አይታጠንም፤ ጭስ ባልጠጣ ዕቃ የተጠመቀ ጠላ ደግሞ ለእኔ ጠላ አይደለም። በርሜሉ አሁን ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኗል።

ሾላ ገበያ ግራዋ ከሚሸጡት እናቶች አንዷ ዘንድ የሄድኩት ከዚህ በኋላ ነው። ቅጠሉን ከማንሳቴ በፊት «የከረመ ጋን ነው ወይስ በየጊዜው የሚጠመቅበት?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሳሙና ካስነካሽውማ ልጄ፣ ቅጠሉ ብቻውን አያድነውም። መጀመሪያ ሦስት ቀን ውሃ እያጠጣሽ ድፊው» አሉኝ። ያን ቀን መሸጥ ብቻ ቢፈልጉ ኖሮ ዝም ብለው ገንዘባቸውን ይቀበሉ ነበር። ሦስት ትልልቅ እስር ገዛሁ፤ ቅጠሉ ገና ጠዋት የተቀነጠሰ፣ ወፍራምና ጥቁር አረንጓዴ ነበር።

ሦስቱን ቀን ውሃውን ጠዋትና ማታ ቀየርኩ። በአራተኛው ቀን አንዱን እስር ከጥቂት ውሃ ጋር በእጄ እያሸሁ ጋኑ ውስጥ ጨመርኩና ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ መፈግፈግ ጀመርኩ። ግራዋ ሲታሽ አረንጓዴ አረፋ ያወጣል፤ ምሬቱ ሳይቀምሱት ጉሮሮ ይደርሳል። የደረቀው አተላ እንደ ቅርፊት እየተላጠ በጣቶቼ መካከል ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። የመጀመሪያው እጥበት ውሃ የጭቃ መልክ ነበረው፤ የሁለተኛው ቡናማ፤ በሦስተኛው እስር ግን የጨመርኩት አረንጓዴ አረንጓዴ እንደሆነ ተመልሶ ወጣ። አፍንጫዬን አፉ ውስጥ ከትቼ አሸተትኩ። ቅጠልና እርጥብ ሸክላ ብቻ።

በወይራው በኩል አንድ ቅሬታ አለኝ። ሾላ ሳለሁ ረስቼ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት እስር ሌላ እንጨት ተቀላቅሎበት ኖሮ፣ ጭሱ ዓይን የሚለበልብና ጎማ ጎማ የሚል ነበር። ደግነቱ ጋኑን ሳልደፋበት አወቅሁ። እውነተኛ ወይራ ሲያነሱት ይከብዳል፤ ሲሰነጠቅ ውስጡ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር አለው፤ ጭሱም ይጣፍጣል። ተመልሼ ሄጄ ደህናውን አመጣሁ። ጋኑ ፀሐይ ላይ ውሎ በደንብ ከደረቀ በኋላ ግቢ ውስጥ ገል ላይ ፍም አድርጌ፣ ስንጣሪውን ጨምሬ ደፋሁበት። ግማሽ ሰዓት ያህል አጥኜ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውዬ፣ ደገምኩት።

ጥንስሱን የጣልኩት በማግስቱ ነው። ለሚካኤል የመጣችው አክስቴ የመጀመሪያውን ጣሳ ተጎንጭታ ዝም አለች፤ ከዚያም ተነስታ ጋኑ ወዳለበት ሄዳ አፉን በመዳፏ ዳሰሰችው። «የእሷ ነው አይደል?» አለችኝ።

ግራዋውን ደግሜ እገዛለሁ፤ ከእዚያው ከሾላ፣ ከእኚያው እናት። ጉድለቱ ቶሎ መጠውለጉ ነው፤ ብዙ ቀን ካቆያችሁት እንደ ትኩሱ አያረፋም። እጅንም ለሁለት ቀን አረንጓዴ ያደርጋል። ጠላው ባለቀ ዕለት አተላውን ደፍቼ፣ ጋኑን በቀረችኝ ጥቂት ቅጠል አጥቤ ሁለት ጡብ ላይ ደፍቼዋለሁ።