ሞተሩ ተቀይሮ የተሸጠልን ባለ ሦስት እግር፦ ለወሎ ገዢዎች ማስጠንቀቂያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅም ሆነ በወልድያ ያገለገለ የጭነት ባለ ሦስት እግር ለመግዛት እቁብ የምትጠብቁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለእኛ የተሸጠልን ተሽከርካሪ ሻንሲው፣ ጎማውና የጭነት ሣጥኑ የባለ ሦስት እግር ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ሞተር ግን ለአፈር መንገድ ከተሠራ ሞተር ብስክሌት የተነቀለ ነው። ይህን ማንም አልነገረንም። ያወቅነው ሐረጎ ዳገት ላይ፣ አምስት ኩንታል ሽንኩርት ተጭኖ፣ የወንድሜ ልጅ መሪውን እንደያዘ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ነው።

እኔ በኮምቦልቻ ሽንኩርትና ቲማቲም እነግዳለሁ። ከሐርቡ በኩል የሚመጣውን ተረክቤ ደሴ ለሚቸረችሩ ደንበኞቼ እልካለሁ። ለዓመታት ለሰው መኪና ኪራይ ስከፍል ኖሬ፣ እቁቡ ሲደርሰኝ የራሳችን መጓጓዣ እንዲኖረን ወሰንኩ። ሥራ አጥቶ የተቀመጠው የወንድሜ ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ስለነበር ለእርሱም እንጀራ ይሆነዋል ብዬ ነው። ደላላው ያመጣልን ዋጋ በገበያ ከሰማነው በብዙ ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ ሻጩ «ቤተሰብ ታሞብኝ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ዕቃ በዚህ ዋጋ አይወጣም ነበር፤ ሞተሩ ወርዶ ታድሷል፣ እትዬ፣ እመኑኝ» አለኝ። የታመመ ሰው ስም ከተነሣ በኋላ ዋጋና ዕቃ መመርመር ነውር ሆኖ ተሰማኝ። እባካችሁ እናንተ እንዲህ አይሰማችሁ። ለታመመው ምሕረት ለምኑ፣ ዕቃውን ግን መርምሩ።

ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ ይሠራ ነበር። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ስንት ጊዜ እንደሚያስቸግር እንዳናይ ቀድሞ ተሙቆ እንደጠበቀን የገባኝ በኋላ ነው። ልጁ ባዶውን በኮምቦልቻ ሜዳማ መንገድ ሁለት ዙር ነዳው፤ ቀልጣፋ ነበር፣ እንዲያውም ከጠበቅነው በላይ ፈጠነ። ወደ ኋላ እንዲነዳው ስንጠይቅ ሻጩ «የኋላ ማርሹ አዲስ ስለሆነ ጠጠር ይላል፣ ሲለምድ ይላላል» አለና ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው። አዲሱን ቀለም፣ አዲሱን የመቀመጫ ልብስ አደነቅን። ከዚያ ውሉ ተጻፈ፦ «አይቼ፣ ፈትሼ፣ ወድጄ፣ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ።» እነዚህን አራት ነገሮች አንብቤ ፈረምኩ። ከአራቱ በእውነት ያደረግሁት ማየትና መውደድ ብቻ ነበር።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው እጥፋቶቹን ያውቃል። ልጁ ጭነቱን ይዞ ፊት ፊት ሲሄድ እኔ ከኋላ በሚኒባስ ነበርኩ። መጀመሪያ ኃይል አነሰው፤ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ ወረደ። ቀጥሎ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ሚኒባሱ ድረስ መጣ። በመጨረሻ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው መዞር አቆመ። ልጁ ፍሬኑን ቢረግጥም ጭነቱ እያመዘነ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሳበው። የሚኒባሱ ሹፌር መንገዱን ዘግቶ ቆመ፣ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ከተቱ። እነዚያን ሰዎች ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም። ሁለት ማዳበሪያ ሽንኩርት ተቀዶ ወደ ገደሉ ተበተነ፣ ልጁ ግን ተረፈ።

ከመንገዱ ዳር እንድናስይዘው ወደ ኋላ ማርሽ ቢያስገባ ዘንጉ በእጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም። ጠጠር ያለ ማርሽ አልነበረም። ከናካቴው ማርሽ አልነበረም።

ደሴ ያለ አንድ አንጋፋ መካኒክ መቀመጫውን አንሥቶ ገና እንዳየው «ልጄ፣ ይህ የዚህ ዕቃ ሞተር አይደለም» አለኝ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው በውሃ የሚቀዘቅዝ 200 ሲሲ ሞተር ነው። ፊት ለፊት ራዲያተር አለ፤ እኛም አይተነው ነበር። ሁለቱ ቱቦዎቹ ግን ከሻንሲው ሥር ተጠምዝዘው በሽቦ ታስረዋል፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛቸው የለም። ራዲያተሩ ለዓይን የተተወ ነበር። የኋላ ማርሽ ሣጥኑ ወጥቶ፣ ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ በብየዳ ተቀጥሏል። ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት ፒስቶኑ 56.5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ የሚመላለስበት ርዝመት 49.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ይህ ሲሰላ 124 ሲሲ ነው። የዚህ ዓይነት 200 ሲሲ ሞተር 63.5 በ62.2 ሆኖ 197 ሲሲ ይሞላል። የከፈልነው ለ200 ነው፣ የተሰጠን 125 ነው።

መካኒኩ አንድ ነገር አስተማረኝ፤ ይህን ለሁላችሁም ማድረስ እፈልጋለሁ። በብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ጎን ላይ ከተከታታይ ቁጥሩ በፊት አጭር ኮድ ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ 163ኤፍኤምኤል የሚል ካገኛችሁ፣ መጀመሪያ ያለው 1 ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር መሆኑን፣ 63 የሲሊንደሩን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ኤፍ በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑን፣ ኤም ለሞተር ብስክሌት ዓይነት የተሠራ መሆኑን፣ የመጨረሻው ኤል ደግሞ የ200 ሲሲ መደብ መሆኑን ይናገራል። 162ኤፍኤምጄ 150 ሲሲ ነው፣ 156ኤፍኤምአይ 125 ሲሲ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዘው ኤፍ የሚለው ፊደል አይኖረውም። እነዚህ ሞተሮች ከውጭ ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ፣ ማሰሪያ ቡሎኖቻቸውም ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ፤ ማታለሉ የቀለለው ለዚህ ነው። በእኛው ላይ ኮዱ ያለበት ቦታ በሞረድ ተልጎ አዲስ ቁጥር ተመትቶበታል። ጣቴን ሳሳልፍበት ከአካባቢው ዝቅ ብሎ ይታወቀኛል። ይህን ለማወቅ የምሕንድስና ትምህርት አያስፈልግም ነበር፤ መቀመጫውን ማንሣት ብቻ ይበቃ ነበር።

«ታዲያ ሞተር ሞተር ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» የሚል ይኖራል፤ ሻጩም ያለኝ ይህንኑ ነው። ለውጡ ብዙ ነው። ሞተር ብስክሌት ከነነጂው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። የእኛው ከአምስት ኩንታል ጭነት፣ ከራሱ ክብደትና ከሹፌሩ ጋር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ለቀላሉ የተሠራ ፍሪሲዮን ለከባዱ ሲገጠም ሸራው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሞተር ብስክሌት ሜዳ ላይ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት መጥቶ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ከመቀመጫ ሥር ተደብቆ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ዳገት ሲወጣ ያ ነፋስ የለም። ለጭነቱ ተሽከርካሪ ውሃ ወይም ማራገቢያ የተደረገለት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ኃይል ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። መጀመሪያውኑ ትንሽ ከሆነው ሞተር ላይ ሩቡ ሲነሣ የቀረውን እናንተ ገምቱ። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፤ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው በማርሽ ካልያዘው ፍሬኑ ብቻውን ሐረጎን አይችለውም።

ሞተር ማቀያየር በራሱ ጥፋት ነው አልልም። በአሜሪካ የሆንዳን ቲአርኤክስ 250አር የሚባል የስፖርት ባለ አራት ጎማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1989 የተሠራውን፣ ወስደው የሲአር 500 የሞቶክሮስ (የአፈር ሜዳ እሽቅድምድም) ሞተር የሚገጥሙ ባለሙያዎች አሉ። ለዚያ ብለው የሞተር ማሰሪያውን እንደገና ይሠራሉ፣ ማርሚታውን ይቀይራሉ፣ የካቴናውን ጥርሶች ለባለ አራት ጎማው ክብደት እንዲስማሙ ይለውጣሉ። ያ የሙያ ሥራ ነው። የሚነዳው አንድ ሰው ነው፣ ለመዝናኛ ነው፤ ባለቤቱም ከሥሩ ምን እንዳለ ያውቃል። የእኛው ግን ቁጥር ተልጎ፣ ባዶ ራዲያተር ተሰቅሎ፣ የማይሠራ የማርሽ ዘንግ ተተክሎ ነው የመጣው። አንዱ እጅ ሲሠራ ሌላው እጅ ይደብቅ ነበር።

ወደ ሻጩ ስንመለስ ውሉን አወጣ። «ባለበት ሁኔታ ተብሎ ተጽፏል፣ ፊርማሽም ይኸው» አለኝ፤ እርስዎ ማለቱ ያን ዕለት ቀረ። ከእኛ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ እኔም ልመለስ ነበር። ሕግ የሚያውቅ ዘመድ ግን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አስረዳኝ፦ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢገባም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ ያ ቃል አይጠቅመውም። ገዢውም ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን ቶሎ መመርመርና ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ ይገባዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂውን ያዙ፣ የመካኒኩን የምርመራ ቃል በፊርማ ተቀበሉ፣ ሞተሩን ከመጠገናችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሡ። እኔን በእግሬ ያቆመኝ የተላገው ቁጥር ፎቶግራፍ ነው።

ሌላው ወጥመድ ውክልናው ነበር። ሻጩ ስም ማዛወሩን «ወጪ ላለማብዛት» ብሎ በውክልና እንድንነዳው አግባባን። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስም ለማዛወር ቢኬድ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር ነበር። በውክልና የያዛችሁት ተሽከርካሪ የእናንተ ንብረት ሆኖ አልተመዘገበም። አደጋ ቢደርስና የሞተሩ ቁጥር የተሠረዘ ሆኖ ቢገኝ ከፖሊስም ከመድን ድርጅትም ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። የወንድሜ ልጅ ያን ዕለት ሰው ገጭቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ገንዘብ ይዛችሁ ሳይሆን የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የደላላው ነው። ሞተሩ ሳይነሣ እንዲጠብቃችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ስትደርሱም በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ካገኛችሁት እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ። ሊብሬውን በእጃችሁ ይዛችሁ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። የራዲያተሩን ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ተከተሉት፣ ሞተሩ ከሠራ በኋላም ሙቀቱ መድረሱን አረጋግጡ። ከሞተሩ ማሰሪያ ላይ ከቀለም በታች አዲስ ብየዳ ፈልጉ። ከሁሉ በላይ ጭናችሁ ሞክሩት፤ ሻጩ ጤፍም ይሁን አሸዋ ያስጭናችሁ፣ ዳገት ላይ አቁማችሁ አስነሡት፣ እዚያው ዳገት ላይ ወደ ኋላ ንዱት። ይህን አልፈቅድም የሚል ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

ጉዳያችን በመጨረሻ ለሽማግሌዎች ቀረበ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሻጩ ፎቶግራፎቹን ካየ በኋላ ተሽከርካሪውን መልሶ ሊወስድና ገንዘቡን በሁለት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ። የመጀመሪያውን ከፍሏል፣ የሁለተኛው ቀን ካለፈ ቆይቷል፤ ለዚያ ክስ መመሥረቴ አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት ግን ያንኑ ተሽከርካሪ ደሴ ውስጥ ለሽያጭ ቆሞ አየሁት። እኛ ስንገዛው ቀይ ነበር፤ አሁን ሰማያዊ ተቀብቷል። ሞተሩ ያው ይሁን ሌላ አላየሁም፣ ባለቤት ነኝ የሚለው ሰውም ሌላ ነው። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ከመቀመጫው ሥር በግራ በኩል፣ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ላይ፣ አንድ ስንዝር የሚሞላ ጎርበጥባጣ የብየዳ ጠባሳ አለ። የጭነት ሣጥኑ የኋላ መዝጊያም ሐረጎ ላይ ድንጋይ ሲመታው በስተቀኝ ጥጉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ቀለም ቢቀባም አልተቃናም። ይህን ያየ ሰው ቀብድ እንዳይሰጥ፤ የሚያውቁት ሰው ሊገዛ ካሰበም ዛሬውኑ ይንገሩት።